አሪሳካ፦ እንግሊዝ ምልምሎቿን ያሠለጠነችበት የጃፓን ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደተጀመረ፣ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር ሎርድ ኪችነር 100,000 በጎ ፈቃደኞች ለጦሩ እንዲመዘገቡ ጥሪ አቀረበ። ዓመቱ ሳያልቅ የተመዘገበው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሰው ሞላ፤ ጠመንጃ ጠፋ። ከፋብሪካ የሚወጣው የጦሩ መደበኛ ጠመንጃ፣ ሊ ኢንፊልድ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለሚዋጋው ጦር እንኳ አልበቃም። በዚህ ምክንያት ብዙው ምልምል የመጀመሪያዎቹን ወራት ዱላ ወይም ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ ተሸክሞ ተሰለፈ።

እንጨት ተሸክሞ እርምጃና ሰላምታ መማር ይቻላል። ተኩስ ግን አይለመድበትም። ትንፋሽ ይዞ ምላጭ መሳብን፣ ቀለህ አውጥቶ ሌላ ጥይት ማጉረስን፣ ከተኩስ በኋላ የበርሜሉን ውስጥ መወልወልን እጅ የሚማረው በእውነተኛ መሣሪያ ነው። እነዚያ ወጣቶች ብዙም ሳይቆዩ ምሽግ እንደሚገቡ እየታወቀ በዱላ ብቻ አሠልጥኖ መላክ በሕይወታቸው መፍረድ ነበር።

መፍትሔው ከሩቅ መጣ። ጃፓን ከ1902 ጀምሮ የእንግሊዝ የቃል ኪዳን አጋር ነበረች፤ ጦርነቱ በተጀመረ በወሩም ጀርመን ላይ ጦርነት አውጃለች። በ1914 እና በ1915 እንግሊዝ 150,000 ያህል የአሪሳካ ጠመንጃዎች ከጃፓን ገዛች። ስሙ የተወሰደው ከንድፉ ባለቤት ከጃፓናዊው መኮንን ከናሪያኪራ አሪሳካ ነው። የተገዛው ሁለት ዓይነት ሲሆን አንዱ የ1897፣ ሌላው ኪጂሮ ናምቡ ያሻሻለው የ1905 ሥሪት ነው።

የ1905ቱን ቀረብ ብለን እንየው። ርዝመቱ 128 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ካዝናው 5 ጥይት ይይዛል። ከበርሜሉ በስተኋላ ጫፍ፣ ብረቱ አናት ላይ፣ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ምልክት የሆነው አደይ መሰል አበባ ተቀርጿል። መቀርቀሪያውን አቧራ የሚከላከል ስስ ቆርቆሮ ይሸፍነዋል፤ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ሲሳብ ቆርቆሮውም አብሮ ይንሸራተታል። የጥይት መከልከያው ከመቀርቀሪያው ጫፍ ያለ ክብ ቁልፍ ነው፤ በመዳፍ ተጭነው ያዞሩታል። ሰደፉ ደግሞ ላይና ታች ከተጋጠሙ ሁለት እንጨቶች ተሠርቷል።

ለጀማሪ የሚመቸው ግን ጥይቱ ነው። ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጠመንጃውም ረጅምና ከበድ ያለ በመሆኑ፣ ሲተኮስ ትከሻን ክፉኛ አይመታም። ተኩስ ለምዶ የማያውቅ ልጅ ምቱን ፈርቶ ዓይኑን ከጨፈነ ዒላማውን ይስታል። በዚህ ላይ የመምቻ መርፌው ሞላ የሚወጠረው መቀርቀሪያው ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ሊ ኢንፊልድም እንዲሁ ነው። ምልምሉ በአሪሳካ የለመደውን የእጅ እንቅስቃሴ ግንባር ላይ ይዞት ይሄዳል። ከዱላ ጋር ሲነጻጸር ግዢው እጅግ ብልህ ውሳኔ ነበር እላለሁ።

ታዲያ በዚሁ ጠመንጃ ለምን አልዘመቱም? የሊ ኢንፊልድ ጥይት 7.7 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ምሽግ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥይት ከገባ ስንቅና ትጥቅ አቅራቢው ይምታታል፤ በውጊያ መሐል የማይጎርስ ጥይት የደረሰው ወታደር ደግሞ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አሪሳካ በማሠልጠኛና በባሕር ኃይሉ ዘንድ ቆየ፤ መርከበኞቹ እሱን ሲይዙ ሊ ኢንፊልዳቸው ለእግረኛው ተለቀቀ።

የጠመንጃ እጥረቱ ሲቃለል አብዛኛው አሪሳካ ወደ ሩሲያ ተላከ። ሩሲያ ራሷም ከጃፓን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገዝታ ነበርና ጥይቱ በእጇ ነበር። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ፌዶሮቭ የሠራው፣ ብዙዎች የዛሬው አውቶማቲክ ጠመንጃ ቀዳሚ የሚሉት መሣሪያም የሚጎርሰው ይህንኑ የጃፓን ጥይት ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እንግሊዝ በ1940 ከፈረንሳይዋ ደንከርክ ስትሸሽ ብዙ መሣሪያ ጥላ ስለወጣች፣ ያው የጠመንጃ እጥረትና የጥይት መምታታት ችግር ተመለሰባት። ለአገር ጠባቂው ሚሊሺያ ኤም 1917 የተባለው ጠመንጃ ከአሜሪካ መጣ። መልኩ የእንግሊዝ ጥይት ከሚጎርሰው፣ ፒ 14 ከተባለው ጠመንጃ ጋር አንድ ነው፤ ጥይቱ ግን ሌላ ነው። ሚሊሺያው እንዳይሳሳት የአሜሪካው ጠመንጃ እንጨት ዙሪያውን ቀይ ቀለም ተቀባ።