ሩማቶይድ አርትራይተስ፦ ተረትና እውነታ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት በሽታ መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ሳይታከም ከቆየ ልም አጥንቱንና አጥንቱን እየበላ ጣትን ያጣምማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ነበር፤ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ተረት፦ ብርድ ያመጣው ቁርጥማት ነው።
እውነታ፦ እንደ አምቦ፣ ጊንጪና ጌዶ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች የክረምቱ ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። መነሻው ግን የዘር ተጋላጭነትና እንደ ሲጋራ ያሉ ነገሮች ተዳምረው የሚያዛቡት የሰውነት መከላከያ ነው።

ተረት፦ የእርጅና ሕመም ነው።
እውነታ፦ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የእርጅና የጉልበት ሕመም ሥራ ሲበዛበት ይብሳል፤ ይህኛው ግን የሚከብደው ጠዋት ነው። አንዲት ታማሚ ከእንቅልፏ ስትነሳ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች አብጠውና ደርቀው ሊጥ ማቡካት ያቅታታል፤ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ እጇ ይፍታታል።

ተረት፦ ሥጋ የበላ ይያዛል።
እውነታ፦ ከሥጋ ጋር የሚያያዘው በዩሪክ አሲድ ክምችት የሚመጣው ሪህ ነው። እሱ በአብዛኛው በእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት ይነሳል። ሕክምናቸውም የተለያየ ነው።

ተረት፦ የአምቦ ፍል ውሃ ያድናል።
እውነታ፦ ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳል፤ መታጠቡ አይከለከልም። የመገጣጠሚያውን መበላት ግን አያቆምም። ያበጠን መገጣጠሚያ በኃይል ማሸት ደግሞ ይጎዳል።

ተረት፦ መርፌ ካሻለ ሌላ አያስፈልግም።
እውነታ፦ በመርፌ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን እብጠቱን ቶሎ ያጠፋሉ፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲዘወተሩ ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ የደም ስኳር ይጨምራሉ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣሉ።

ተረት፦ መድኃኒት የለውም።
እውነታ፦ ፈጽሞ ባይነቀልም ይገታል። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን ፎሊክ አሲድ ይታከልበታል፤ በስህተት በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል። የደምና የጉበት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል፤ አልኮል መጠጥ ከእሱ ጋር ጉበት ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ መውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክራለች። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚንም አሉ።

የደም ምርመራ ነፃ ቢልም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ እብጠቱንና ምልክቶቹን አብሮ ያያል። የጣቶች እብጠትና የጠዋት መድረቅ ከስድስት ሳምንት ካለፈ ወደ አምቦ ወይም ጌዶ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ ካስፈለገም ሕመምተኛው አዲስ አበባ ላሉ ስፔሻሊስቶች ይላካል። የተበላ አጥንት አይመለስም፤ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ ግን የእጅን ቅርጽና ጉልበት ማትረፍ ይቻላል።