ቀለሙ ጠፋ፤ ብክለቱስ?

የግድግዳ ቀለምን፣ የጥርስ ሳሙናን፣ አንዳንዱን የፀሐይ መከላከያ ቅባትም የሚያነጣው አንድ ዱቄት ነው፤ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ። ይኸው ዱቄት ውሃ ውስጥ ተበትኖ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ሌላ ጠባይ ያወጣል። ብርሃኑ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ ለቀው የሄዱት ክፍተት ደግሞ ከውሃው ኤሌክትሮን እየነጠቀ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጥራል። የጨርቅ ቀለምም ሆነ የፀረ ተባይ ቅሪት ይሰባበራል። በቂ ጊዜ ከተሰጠው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣል። ዱቄቱ ግን አያልቅም፤ ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ፎቶካታሊስት ይሉታል።

ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ በዚህ ቁስና በብርሃን ውሃን መክፈል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1972 ኔቸር መጽሔት ላይ ካወጡ ወዲህ፣ የተሻለ ዱቄት ፍለጋው አላባራም።

አንዱ የአሠራር ዘዴ ሶል ጄል ነው። ታይታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ የተባለው ፈሳሽ በአልኮል ይቀጥንና ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ፈሳሹ እርጥበት አይችልም፤ ጠርሙሱ ክፍት ከተተወ የአየሩ እርጥበት ብቻ ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል። በጥቂት አሲድና በትዕግሥት ግን ወደ ጄል ይለወጣል፤ ደርቆና ተፈጭቶ ምድጃ ይገባል። ዱቄቱ የሚበጀውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አናቴዝ የተባለው ክሪስታል ይወጣል። ሙቀቱ ሲጨምር ክሪስታሉ ይጠራል፤ ቅንጣቶቹ ግን እየተጣበቁ ያድጉና ብክለቱ የሚያርፍበት ገጽ ያንሳል። ከ600 ዲግሪ ወዲያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሩታይል ወደሚባለው መልክ መለወጥ ይጀምራል። ይህም ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ተመራማሪዎች ዱቄታቸውን የሚያወዳድሩበት ፒ25 የሁለቱ ድብልቅ ነው።

በዓይን ሁሉም ነጭ ዱቄት ስለሆነ መሣሪያ ያስፈልጋል። በመዳብ ኤክስሬይ ሲታይ አናቴዝ 25.3 ዲግሪ ማዕዘን ላይ፣ ሩታይል 27.4 ላይ ጉልህ ጫፍ ያሳያል፤ ጫፉ ከሰፋ ክሪስታሉ ደቃቅ ነው ማለት ነው። የናይትሮጅን ጋዝ ልኬት የገጹን ስፋት ይነግራል፤ አንድ ግራም ፒ25 ወደ 50 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። የብርሃን ልኬቱ ደግሞ ድክመቱን ያወጣል፦ አናቴዝን የሚቀሰቅሰው ከ387 ናኖሜትር ያጠረ ብርሃን ነው፤ ይህ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ናይትሮጅን እየጨመሩ ዱቄቱን ወደ ቢጫ የሚያደርሱት በሚታየው ብርሃን እንዲሠራ ነው።

ፈተናው ብዙውን ጊዜ በሜታይሊን ብሉ ነው። ዱቄትና ቀለም መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ይማሰላሉ፤ ዱቄቱ ቀለሙን በገጹ ላይ ብቻ ለጥፎ እንደሆነ እንዲለይ። መብራቱ ከበራ በኋላ በየተወሰነ ደቂቃ ናሙና ይቀዳል፤ ዱቄቱ በሴንትሪፉጅ ይለይና የቀረው ፈሳሽ 664 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን የመምጠጥ አቅሙ ይለካል።

ሰማያዊና ጥርት ያለ ውሃ የያዙ ሁለት ብልቃጦች ጎን ለጎን የቆሙበት ፎቶ ግን፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ መስክ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ማስረጃ ነው። ሜታይሊን ብሉ ራሱ ብርሃን ስለሚመጥ ዱቄቱ ሳይቀሰቀስ እንኳ ሊደበዝዝ ይችላል። ኤሌክትሮን ሲቀበልም ቀለም አልባ ይሆናል፤ አየር ሲያገኝ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪ ያለ ዱቄት መብራት ብቻ ያበራበትን ሙከራ ያስቀድማል፤ ውሃው ውስጥ የቀረውን ኦርጋኒክ ካርቦን ይለካል፤ ከዚያም ሙከራውን እንደ ፌኖል ባለ ቀለም አልባ ብክለት ይደግመዋል።