በር ላይ የሚደረግ ልየታ፦ ቆራሌና የአዲስ አበባ ቤተሰብ አሮጌ ዕቃ

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቤተሰቦች መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚወገደው ለይተው እንዲያስቀምጡ ያዝ ነበር። ስለ አፈጻጸሙ ሲነሳ ዘወትር የሚሰማው፣ ነዋሪው ቆሻሻን ስለማይለይ ግንዛቤው ሊዳብር ይገባል የሚል ነው። ይህ አባባል እውነትነቱ ከፊል ነው። የአዲስ አበባ ቤተሰብ አዋጁ ከመውጣቱ አስቀድሞም ይለይ ነበር፤ ዛሬም ይለያል። የሚለየው ግን ዋጋ ያለውን ዋጋ ከሌለው ነው፤ ልየታውም የሚፈጸመው ከገንዳው ዘንድ ሳይሆን ከግቢው በር ላይ ነው።

የዚህ ልየታ ዋና ተዋናይ ቆራሌ ነው። ስያሜው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ቆራሌ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ከመንደር መንደር እየዞረ ብረታ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተበላሸ ሬዲዮ ይገዛል። ከእርሱ ጎን ልብስና ጫማ በአዲስ ሳህን፣ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጠው ልዋጭ አለ። ሁለቱም ነጋዴዎች ናቸው፤ አካባቢ ጥበቃን ዓላማው ያደረገ አንድም ሰው በግብይቱ ውስጥ የለም። ሆኖም ከቤት የሚወጣው ዕቃ ወደ ገንዳ እንዳይሄድ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው።

የግብይቱ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። ቆራሌ ከቤተሰብ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ በግምት ነው፤ ለጅምላ ተረካቢው ሲያስረክብ ግን በሚዛን ነው። ትርፉም ኪሳራውም ያለው በግምቱና በሚዛኑ መካከል ነው። በመሆኑም የተዋጣለት ቆራሌ የዕቃን ዓይነት በዓይኑ የሚለይ ባለሙያ መሆን አለበት፤ መዳብን ከነሐስ፣ አልሙኒየምን ከቆርቆሮ፣ ሊቀልጥ የሚችለውን ፕላስቲክ ከማይቀልጠው። በዘመናዊ የመለያ ጣቢያ በማሽንና በሠራተኛ የሚከናወነውን ሥራ እርሱ ከበር ላይ፣ እየተከራከረ ያከናውነዋል።

ከዚያ በኋላ የዕቃው መንገድ ይከፋፈላል። ቁርጥራጭ ብረት ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ሄዶ የአርማታ ብረት ይሆናል። ከፊሉ መርካቶ ውስጥ ወደሚገኘው ምናለሽ ተራ ይገባል። የዚህ ተራ ስምም እንደ ቆራሌ ጥሪ በቤት ያለውን ዕቃ የሚጠይቅ መሆኑ የሚያስገርም ነው። በተራው አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይወጣዋል፤ ከጣሳ ኩራዝ፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ይሠራል። ልዋጭ የወሰደው ልብስ ደግሞ ታጥቦና ተጠግኖ እንደገና ገበያ ይወጣል።

ዕቃው ቆራሌ እጅ ከመግባቱ በፊትም በቤት ውስጥ ሁለተኛ ዕድሜ ይኖረዋል። የዘይት ጀሪካን የውሃ መቅጃ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ የበርበሬ ማስቀመጫ ወይም የአበባ መትከያ ይሆናል። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ ማንም ያምርተው ማን፣ በአንድ የታሸገ ውሃ ስም «ሃይላንድ» እየተባለ ዘይትም ጠላም ይያዝበታል። በዚህ ምክንያት «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ለቤተሰቡ ዕቃው ያረጀበትን ሳይሆን ማንም የማይፈልገው የሆነበትን ጊዜ ያመለክታል።

ማንም የማይፈልገው ግን ብዙ ነው። ከከተማዋ የቤት ቆሻሻ በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብ ትርፍራፊና ሌላ በስባሽ ነገር ነው፤ ይህን የሚገዛ ቆራሌ የለም። ስስ ፌስታልም ገዢ የለውም። አዋጁ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፌስታሎችን መከልከሉ በዚህ ረገድ ትክክለኛ ነበር፤ ገበያው ያልያዘውን ሕግ ሊይዘው ይገባልና። ዋጋ የሌለው ሁሉ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ቆሼ ላይ ነው። ክምሩ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከሟቾቹ መካከል ከክምሩ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩ ይገኙበታል።

አሁን አሳሳቢ የሚሆነው ይህ የበር ላይ ልየታ የቆመበት መሬት እየጠበበ መሄዱ ነው። አሮጌ ዕቃ ገዢው እስኪመጣ የሚቆይበት ጥግ ይፈልጋል። በቀድሞው መንደር ይህ ጥግ የግቢው አጥር ሥር ወይም የማድቤቱ ጀርባ ነበር። በኮንዶሚኒየም ግን ግቢም ማድቤትም የለም። የቆራሌ ጥሪ አራተኛ ፎቅ ላይ አይሰማም፤ ቢሰማም የጥበቃ ሠራተኛ ከበር ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑና ጠርሙሱ ከወጥ ትራፊ ጋር በአንድ ፌስታል ይታሠራሉ። በወጥ የራሰ ካርቶን ደግሞ ዋጋ የለውም። በጋሪ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት በመንገድ ላይ ጥቂቱን ለቅመው ቢያወጡም የረከሰውን መልሰው ማጽዳት አይችሉም። የቆሻሻ ክፍያ ለዓመታት ከውሃ ሂሳብ ጋር ተያይዞ መሰብሰቡም ቆሻሻውን የቀነሰ ቤተሰብ የሚያገኘው ቅናሽ እንዳይኖር አድርጓል፤ ለመለየት የሚያበቃው ጥቅም ከቆራሌ የሚያገኘው ገንዘብ ብቻ ነበር።

ለጥናት ዘዴም አንድ ችግር አለ። የመልሶ መጠቀም መጠን የሚለካው በገንዳ ወይም በማስወገጃ ሥፍራ በተገኘው ቆሻሻ ከሆነ፣ በር ላይ የተሸጠው ዕቃ ከስሌቱ ይወጣል፤ ገንዳው ውስጥ ገብቶ አያውቅምና። ከቆራሌ በሚገባ የሚገበያይ መንደር በእንዲህ ያለ ልኬት ምንም የማይለይ መስሎ ሊታይ ይችላል። የልኬቱ መነሻ ወደ ቤት በር ቢመለስና የቆራሌው ማዳበሪያ አብሮ ቢመዘን፣ በኮንዶሚኒየምና በቀድሞው መንደር መካከል ያለው ልዩነት በኪሎ ሊታወቅ ይችላል። በየብሎኩ ምድር ቤት ለሚሸጥ ዕቃ አንዲት ደረቅ ክፍል መተው፣ ለቆራሌም የታወቀ የመግቢያ ቀን መወሰን ስንት ካርቶን እንደሚያድን የሚታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው።