ኮሳይን በገብስ ማሳ ላይ

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ተማሪ ቤት ሳሉ «ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት» የሚለውን ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃልዎ ያነበነቡ እንደሆነ፣ ዛሬ ለጥቂት ጊዜ ከእኔ ጋር ይምጡ። የምንሄደው ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ፣ ረቡዕ ገበያ አጠገብ ካለ አንድ ተዳፋት ላይ ነው። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ወደዚያ የወሰደኝም የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ ነው።

የልጁ አባት የገብስ ማሳ አላቸው። ቀድሞ በገመድ ተለክቶ በተሰጣቸው የይዞታ ደብተር ላይ 5,000 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ኋላ በካርታ በተሠራው አዲሱ ደብተር ግን 4,580 ሆነ። «መምህር፣ የአባቴን 420 ካሬ ሜትር ማን ወሰደው?» አለኝ። አባቱ ሄደው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ «ካርታ አይሳሳትም» የሚል ብቻ ነበር።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በጎጃም መሬትና ልኬት አብረው ሲነሡ ሰው የሚያስታውሰው ብዙ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በመጣ ጊዜ ገበሬው ያመፀው ግብሩን ጠልቶ ብቻ ሳይሆን፣ ልኬት ተከትሎ ርስቴን ያሳጣኛል ብሎ በመስጋቱም ጭምር ነበር። እንግዲህ ለእንደዚህ ያሉ አባት «ኮሳይን ነው» ብሎ መመለስ አይበቃም፤ በዐይናቸው ማየት አለባቸው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ገመድ፣ ሜትር፣ የግንበኛ ውሃ ልክና ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ይዘን ወጣን። እርስዎም ሊሞክሩት ይችላሉ። መጀመሪያ በተዳፋቱ ላይ ቁልቁል 5 ሜትር ለክተው በሁለቱም ጫፍ ችካል ይትከሉ። ቀጥሎ የገመዱን አንድ ጫፍ ከላይኛው ችካል ሥር መሬት አስነክተው፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ላይ አንሥተው፣ ገመዱን በውሃ ልክ አስተካክለው አግድም ይወጥሩት። ከዚያም ድንጋዩ በታችኛው ችካል ላይ እንዲያርፍ አድርገው ሲባጎውን ከገመዱ ላይ ያንጠልጥሉ። ሲባጎውና ገመዱ የሚገናኙበት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። መሬቱ፣ ሲባጎውና ገመዱ ያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስጨነቀዎትን ጎነ ሦስት ሠሩ ማለት ነው።

እኛ ስንለካ ሲባጎው 1 ሜትር ከ71 (የልጁን አባት ቁመት ያህል)፣ የተወጠረው ገመድ 4 ሜትር ከ70 ሆነ። 4.70ን ለ5 ቢያካፍሉ 0.94 ያገኛሉ። ኮሳይን ማለት ይኸው ነው። ሰንጠረዡን ቢመለከቱ የተዳፋቱ ማዕዘን 20 ዲግሪ መሆኑን ይነግርዎታል። ተዳፋቱ እስካልተለወጠ ድረስ ደግሞ ርዝመቱ 5 ሜትርም ይሁን 100 ሜትር ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ ትንሹን ጎነ ሦስት ለክተን ስለ ማሳው ሁሉ ለመናገር የደፈርነውም ስለዚህ ነው።

ማሳው ቁልቁል 100 ሜትር፣ ወደ ጎን 50 ሜትር ነው። ካርታ ከሰማይ ቁልቁል እንደሚመለከት ሰው ስለሆነ 100ው 94 ሆኖ ይታየዋል። ወደ ጎን ያለው ግን ተዳፋት ስላይደለ አይቀንስም። 94 በ50 ሲባዛ 4,700 ይሆናል። ካርታውን ለመውቀስ አይቸኩሉ፤ ዝናቡም ቢሆን ለዚህ ማሳ የሚያድለው ለ4,700 ካሬ ሜትር ሜዳ የሚያድለውን ያህል ነው።

አባትየው ሲባጎውን በእጃቸው እየዳሰሱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «300ው ገባኝ። የቀረው 120ስ?» አሉ።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ኮሳይን መልስ የለውም። ተማሪዬ ግን 120ን ለ94 አካፈለና 1 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር አገኘ፤ ከማሳው ራስ እስከ ግርጌው የሚወርድ ቀጭን ቁራጭ መሬት ማለት ነው። ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነውን የድንበር ሣር ሄደን ብንለካው ስፋቱ 1 ሜትር ከ30 ያህል ሆነ።

ማመልከቻውን ማታ ልጁ ራሱ ጻፈው። «መሬቴ ተወሰደ» አይልም፤ «የድንበሩ ሣር በሙሉ ለጎረቤቴ የተቆጠረ ስለሚመስል ሽማግሌዎች ባሉበት ይታይልኝ» ይላል። ጎነ ሦስቱም ከነቁጥሩ ከፊርማው በላይ ተሥሏል።