ከሳሎን ያልወጣች አዲስ አበባ

የግቢ በር ይከፈታል፤ መኪና ይገባል፤ ሰፊ ሶፋ የተደረደረበት ሳሎን ይታያል። የሀብታም ልጅ የደሀ ልጅ ይወዳል፤ ወላጆች አይሆንም ይላሉ። ባለፉት ሃያ ዓመታት የአማርኛ ፊልም የተከታተለ ሰው ይህን ቤት በደንብ ያውቀዋል። የማያውቀው ቤቱ የት ሰፈር እንዳለ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዲጂታል ካሜራ መጥቶ ፊልም ሥራ ሲስፋፋ ወጪው በግለሰቦች ኪስ ላይ ወደቀ። ጎዳና ላይ ለመቅረጽ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ የመኪና ጥሩንባ ንግግሩን ይውጠዋል፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር ብርሃኑ ይለወጣል። በተውሶ ቪላ ግን በር ዘግቶ በአንድ ቀን ብዙ ትዕይንት ማንሳት ይቻላል። ወጪው እንዲህ ሲቆጠብ ከፊልሙ የቀረችው ከተማዋ ናት፦ የቀበሌ ቤቶቹ የጋራ ግቢ፣ የጉልቷ ሻጭ፣ የእድሩ ድንኳን፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ መዳረሻ የሚጠራው የታክሲ ረዳት።

ከሳሎን መውጣት እንደሚቻል ግን የታየባቸው ሥራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከጀርመን በተመለሰው አንበርብር ዓይን በፍርሃት የተወጠረችውን የደርግ ዘመን አዲስ አበባ ያሳያል። የሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» ደግሞ ታክሲ ነጂውን ቴዲን ይከተላል። ቴዲ ለአንዲት ሴተኛ አዳሪ ሲል ጠብ ውስጥ ሲገባ ታክሲው ይሰረቅበታል፤ እንጀራው የተንጠለጠለው በዚያች መኪና ነው። ጭንቀቱን የምንረዳው ከተማዋ ሠርቶ አዳሪን ምን ያህል እንደምታስጨንቅ ስለምናይ ነው። እዚህ ሰፈሩ ከታሪኩ አይነጠልም።

ጉዳዩ ዛሬ ጊዜ አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈረሰ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። በእነዚያ ቤቶች ትውልድ ተወልዷል፣ ተድሯል፣ ተለቅሷል። አብረው የኖሩ ጎረቤታሞች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ልጆቻቸው ወላጆቻቸው ያደጉበትን ሰፈር ማየት ቢፈልጉ፣ ያን ሁሉ ፊልም ሠርተን የምናሳያቸው በጣም ጥቂት ነው።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር የጎዳና ቀረጻ ፈቃድን ቀላልና ርካሽ ያድርገው። ፕሮዲውሰሮችም ከበጀታቸው ጥቂት ቀን ለሰፈር ይመድቡ። ተመልካቹ የራሱን በር፣ የራሱን ጎረቤት በፊልም ማየት ይገባዋል፤ ገና ያልፈረሱ ሰፈሮችም አሉ።