ወገቧን የተወጋች ትል

ቅዳሜ ማለዳ ከአያት ወይም ከሰሚት ተነስቶ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዞ ቆቃ የሚወርድ ዓሣ አጥማጅ ስንቁ ቀላል ነው፤ መንጠቆ፣ ክር፣ እርጥብ አፈር የያዘ ጣሳ፣ በአፈሩም ውስጥ የሚላወሱ ትሎች። አሜሪካ ዘመድ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ትል ሊላክለት ይችላል፤ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራች፣ ቀጥ ያለች፣ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ጨው የተለወሰባት። አሠራሯን ያልተነገረው ሰው መንጠቆውን ከራሷ ጀምሮ ይሰካና ውሃ ውስጥ ይጎትታታል። የእሷ ጥበብ ግን ያለው አወዳደቋ ላይ ነው።

የፕላስቲክ ትል ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የኦሃዮዋ የአክረን ከተማ ነዋሪ ኒክ ክሬም እውነተኛውን ትል አስመስሎ ከለስላሳ ፕላስቲክ አፍስሶ ሠራ። በ1990ዎቹ ደግሞ ጋሪ ያማሞቶ ሴንኮ የተባለችውን ጨው የበዛባት ትል ገበያ ላይ አዋለ። ጨዉ ክብደት ስለሚሰጣት እርሳስ ሳይታሰርባትም ትሰምጣለች።

አጥማጆቹ «ዋኪ» በሚሉት ዘዴ መንጠቆው የሚገባው ትሏ መሃል ላይ ነው። ሁለቱ ጫፎቿ ግራና ቀኝ ነፃ ይቀራሉ። ጥልቅ ውሃ ወይም ነፋስ ሲያጋጥም፣ አናቱ ላይ ከ2 እስከ 7 ግራም የሚመዝን ድቡልቡል እርሳስ የተጣበቀበት መንጠቆ ይመረጣል፤ ይህ ነው ጂግ የሚባለው። እርሳሱ የትሏን ወገብ ወደ ታች ይስባል፤ ውሃው ደግሞ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ትግል ትሏ እንደ ደጋን ትጎብጥና ጫፎቿ እየተርገፈገፉ ትወርዳለች። መሬት ስትነካ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ከፍ ማድረግ፣ ክሩን ማላላት፣ እንደገና እንድትወድቅ መተው ነው። እርሳሱ ከበዛ እንደ ድንጋይ ትዘቅጣለች፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ ሊያደርሳት ከሚችለው ውስጥ ቀላሉን መምረጥ ይበጃል። ለስላሳ በመሆኗም ቶሎ ትቀደዳለች፤ ወገቧ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት ይጠለቅና መንጠቆው በቀለበቱ ስር ያልፋል።

ዓሣው የሚይዛት አብዛኛውን ጊዜ ስትወርድ ነው። ያኔ እጅ ላይ የሚሰማ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ዓይን ክሩ ላይ መሆን አለበት። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወይም ትሏ ወለል ከመድረሷ በፊት ከላላ፣ ትሏ አፍ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው።

ዘዴው የተፈለሰፈለት ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ግንድ ወይም ሣር ስር አድፍጦ ይጠብቃል፤ የሚበላው ሲቀርበው አፉን በድንገት ይበረግድና ውሃውን ከነምግቡ ይስበዋል። ጠንካራ ነገር ሲገጥመው ወዲያው ይተፋል፤ ለስላሳ ከሆነ ግን ትንሽ ይቆይበታል። ለአጥማጁ የሚበቃው ያ ቅጽበት ነው።

ቆቃ ላይስ? አምባዛ ጭቃ ለጭቃ፣ በተለይ ማታ፣ በስምንት ሪዞቹ እየዳሰሰና እያሸተተ ስለሚያድን፣ ሽታ ያለው እውነተኛ ትል ከፕላስቲኩ በብዙ ይበልጥበታል። ቆሮሶም ዋና ምግቡ የውሃ አረንጓዴ ስለሆነ የትሏ ጨዋታ ብዙም አይማርከውም። ጫሞ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ናይል ፐርች አድፍጦ የሚውጥ አዳኝ ነው፤ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚያድግ ግን ለባስ የተሠራው ቀጭን መንጠቆና ክር አይችለውም፤ ወፍራም ያስፈልጋል።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ የጣና በርቡስ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡትን ዓሦች አግዶ ስላስቀራቸው፣ እነ ናይል ፐርች ጣና አልገቡም። ባዶ በቀረው ቦታ በርቡሶቹ በብዙ ዝርያ ተከፋፈሉ፤ ከእነዚህም ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ሆኑ። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ የያዙትን ይውጡታል እንጂ አይቦጭቁትም። በዝግታ የምትወርድ ለስላሳ ትል ለእንዲህ ያለ አፍ መሞከር አለባት እላለሁ።

ዘዴው ይምጣ፤ ዓሣው ግን አይምጣ። ዓሣ ማምጣት በጎረቤት ተሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ባስ ለስፖርት ተብሎ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ተለቀቀ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ደግሞ በ1950ዎቹ የገባው ናይል ፐርች በሌላ ቦታ የማይገኙ በርካታ ትናንሽ ዓሦችን አጥፍቷል። የጣና በርቡሶችም ሌላ ሀገር የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና የመረብ ማስገር ከተስፋፋ በኋላ ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል፤ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ሲወጡ ወንዝ አፍ ላይ ተጠብቀው ይያዛሉና። በዘንግ የሚያጠምድ ሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዞቹ አፍ ይራቅ፤ በሌላውም ወቅት የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ እሾህ በፒንሳ አጣጥፎ ይጣል፣ የያዘውን በርቡስም ውሃ ውስጥ እንዳለ አላቅቆ ይልቀቀው።