ጠቆር ይበል ወይስ ነጣ?

በመኝታ ክፍላችን አራት ነን። በትምህርትም በኳስም አንዳንድ ጊዜ እንስማማለን፤ በቡና ግን ተስማምተን አናውቅም። አንደኛው ጀበና ቡና ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት አይጠጣም። ሁለተኛው በጨው ያደገ ነውና ስኳር ያለበትን ቡና «የሕፃን መድኃኒት» ይለዋል። ሦስተኛው የማኪያቶ ሰው ነው፤ አስተናጋጇን ሁለት ጊዜ ጠርቶ «ነጣ ይበል» ሳይል አያርፍም። አራተኛው የገሰራው ልጅ፣ ማለት ይህን የምጽፈው፣ ክርክሩ በተነሣ ቁጥር የምመልሰው በግጥም ነው፦

አንዱ ስኳር አለ፣ አንዱ ጨው ጨመረ፣
አንዱ በወተቱ ቡናውን ቀበረ፤
የኔ ምርጫማ ግን ቀላል ነው ሲፈታ፣
ከፋዩ ያዘዘው ጠዋትና ማታ።

ቀልዱን እዚህ ላይ እናቁመውና፣ ጥያቄው ራሱ መመርመር የሚገባው ይመስለኛል። አንድ ሰው «የኔ ቡና እንዲህ ነው» ሲል፣ ምርጫው በእውነት የራሱ ነውን?

በመጀመሪያ የሚመርጥልን አገሩ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ1,300 ሜትር ግድም ላይ ባለችው በደሎ መና ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ በ2,500 ሜትር ግድም ላይ ባለችው በሮቤ በ92፣ ከሮቤ ከፍ በምትለው በጎባ ደግሞ በ91 ገደማ ይፈላል። ያው ቡና፣ ያው ጀበና፣ ያችው አፍይ ብትሆን እንኳ ስኒው መናና ጎባ ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ሁለተኛው መራጭ ልማድ ነው። በባሌና በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ቡና ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ «ቡና ቀላ» ይባላል፤ ይኸኛው የሚበላ ቡና ነው። በሐረርጌ ገለባው ከወተት ጋር ፈልቶ ሆጃ ይሆናል። በሌላው አገር ጨው፣ ቅቤ ወይም ጤና አዳም ይገባበታል። ማንም ሰው እነዚህን አመዛዝኖ አልመረጠም፤ እናቱ የሰጠችውን ጠጥቶ አደገ እንጂ።

ሦስተኛው መራጭ ማሽኑ ነው። የማሽን ቡና የሚወጣው ከአየር ግፊት ዘጠኝ እጥፍ ያህል በሆነ ኃይል፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። ግፊቱና ሙቀቱ ስለሚለኩ ማሽኑ ስለ ጎባ ከፍታም ሆነ ስለ መና ቆላነት ደንታ የለውም። በነገራችን ላይ፣ ማኪያቶ በጣልያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው፤ ማለትም ወተት ጠብ ያለበት ቡና። ስለዚህ ነጣ ይበል ባዩ ጓደኛችን ከመዝገበ ቃላት ጋር ተጣልቷል።

ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ካፌዎች የቆሙት በዚሁ በሦስተኛው መራጭ ላይ ነው። (በአማርኛችን «ቡና ቤት» ቢራ የሚጠጣበት ሆኖ ስለቀረ፣ ቡና የሚጠጣበትን ካፌ ማለት ግድ ሆኗል።) ቶሞካ በ1953 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቁሞ ኋላ ቅርንጫፎችን አበዛ። ካልዲስ፣ ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲጨፍሩ አየ በሚባለው የተረት እረኛ ስም ተሰይሞ በመዲናይቱ ተስፋፋ። በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሲያትል የተጀመረው ስታርባክስ ደግሞ በዓለም ከ30,000 በላይ ሱቆች አሉት። የሁሉም ብልሃት አንድ ነው፦ ቆይው፣ መጣኙ፣ ደቂቃው ተለክቶ፣ ዛሬ የጠጣኸውን ነገ በሌላ ሰፈር ሳይለወጥ ማቅረብ። ይህ የሚናቅ አይደለም። ለእንግዳ ሰው የታወቀ ጣዕም ማግኘት እንደ ዘመድ ቤት ነው።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሰንብቼ ይህን ጣዕም ስለለመድኩ፣ ገሰራ እንደ ገባሁ የተማረ ሰው ጥያቄ አመጣሁ። አያቴ አቦሉን ሲቀዱልኝ፣ «እማማ፣ ይህ ቡና የየት ነው?» አልኋቸው።

«የገበያ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቡና የየት ነው አይባልም። ማን አፈላው ነው የሚባል።»

ነገሩ ስላልለቀቀኝ ወደ ሮቤ ስመለስ ገበያ ገባሁ። አንዲቱን ነጋዴ «የሐረር ነው?» ብላት «አዎ፣ የሐረር ነው» አለችኝ። ጓደኛዬ ጥቂት ቆይቶ «የመና ነው?» ቢላት «የመና ነው» አለችው። ጆንያው አንድ ነው። ሴትዮዋን አልወቅሳትም፤ ስሙን የጠራነው እኛው ነን፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ሌላ ጠያቂ አልመጣባት ይሆናል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ በሪራ በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው የሐረናን ጫካ ያገኛል። በዚያ ጫካ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ሰው ገብቶ ይለቅመዋል። በደጃችን ያለ ቡና ነው፤ በስኒያችን ውስጥ ግን ስም የለውም።

ስም ደግሞ ገንዘብ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ሦስት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ከስታርባክስ ጋር ተከራከረ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተፈጸመ። የክርክሩ መነሻ፣ ስሙ ውድ ሆኖ ሲሸጥ ከዋጋው ለገበሬው የሚደርሰው ጥቂት ነው የሚል ነበር። ከሦስቱ ስሞች መካከል ባሌ አልነበረችም።

እንግዲህ ካፌው «ማንም ያፍላው፣ ጣዕሙ አንድ ነው» ይላል፤ አያቴ «ማን አፈላው?» ይላሉ። ሁለቱም የረሱት አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም ለቃሚው ነው። ከአገራችን ቡና እኩሌታ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ስለሆንን፣ ጥያቄውን ከውጭ አገር ሰው መጠበቅ የለብንም። ከእንግዲህ ጠቆር ይበል፣ ነጣ ይበል ከማለታችን በፊት «የየት ነው?» ብንል፣ ነጋዴዋም አንድ ቀን ጆንያዎቿን ለይታ ማስቀመጥ ትጀምራለች።

እስከዚያው ድረስ፣ ቆሎ ከቤት አምጥቻለሁና ቡናውን ሌላ ሰው ይጋብዝ፦

ቆሎው ከገሰራ፣ ቡናው ከሐረና፣
ተገናኙ ሮቤ በአንዲት ጀበና፤
የቆሎውን ጌታ ጠይቀን ለየነው፣
ቡናን የለቀመ ለመሆኑ ማነው?